ሰው ለመከልከል ነው ወይስ ከብት ለመያዝ?

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ደውለው «የሽቦ ዋጋ ጠይቂልኝ፤ ግጦሿን ላጥራት ነው» አሉኝ። ጋዜጠኝነት ተመርቄ የሽቦ ዋጋ ዘጋቢ ሆንኩላችሁ! ፒያሳ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ዋጋውን ትቶ «ሰው ለመከልከል ነው ወይስ ከብት ለመያዝ?» አለኝ። ለሰው ከፍ ይላል፣ ለከብት ይወጠራል አሉ። ዋናው የማዕዘን ምሰሶው ነው። በደንብ ጠልቆ ተቀብሮ ድጋፍ ካልተደረገለት ሽቦው ሲወጠር ያዘነብላል፤ በሬ አንዴ ከታከከበት አለቀለት።

እሾህ ሽቦን በፈረንጆቹ 1874 የባለቤትነት መብት አውጥቶ ገበያ ያስገባው ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የአሜሪካ ገበሬ ነው። እንጨትና ድንጋይ በሌለበት ሜዳ ርካሽ አጥር ተገኘ። በፊልም የምናውቃቸው ካውቦዮች ከብት እየነዱ የሚያቋርጡት ክፍት ሜዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጋ።

እኛ ዘንድስ? አዋሽ ሸለቆ ላይ ትልቁ አጥር የታጠረው በሽቦ ሳይሆን በወረቀት ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 የግጦሽ መሬቶችን በሙሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የመተሐራ ስኳር እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከታትለው መጡ። የከረዩ ከብቶች በክረምት የትም ይግጣሉ፤ በበጋ ግን መሸሻቸው አዋሽ ዳር ነበር። እሱ ሲወሰድ «ሌላ ሰፊ መሬት አላቸው እኮ» ማለት አያስኬድም። በበጋ ውሃ የሌለው ሰፊ መሬት ምን ያደርጋል? የማዕዘን ምሰሶው ነው የተነቀለው።

በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ፓርላማው ወጡ። በዚያ በር ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ! መፈክሩን ስወደው ኖሬአለሁ፤ የማያርሰው ሰው ትዝ ብሎኝ ግን አያውቅም። ለነገሩ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ዘላኖች በልማድ በሚያግዱበት መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደነገገ። ስኳር እርሻው ግን በዚያው ዓመት ከሆላንዱ ኩባንያ ወደ መንግሥት ዞረ እንጂ ለከብቶቹ አልተመለሰም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ደግሞ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ተብሎ ተጽፏል።

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። ዋጋውን ነገርኳቸው፤ ተወደደባቸው። «ጋሼ፣ የጎረቤት ከብቶች ወደ ወንዙ የሚወርዱት በእርስዎ ግጦሽ አይደል? በር ይተዉላቸዋል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቀጥለው «እሱን ገና እየተጨቃጨቅን ነው» አሉኝ።