ስለ አረጋውያን ቤትና ስለ አረጋውያን ሥራ

ስለ አረጋውያን መጠለያ ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ መኝታ ነው። በዚያ ቤት የሚኖረው ሽማግሌ ጧት ሲነሣ ምን ይሠራል? ከማንስ ጋራ ይጫወታል? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ጥያቄ አልዘነጉትም ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድኆችና ለሕሙማን ባሠራው ሰፊ ቤት፣ ከሐኪሞቹና ከአስታማሚዎቹ ሌላ የእጅ ሥራ የሚሠራበትም ስፍራ ነበረ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1670 ዓ.ም.፣ ለአረጁና አካላቸው ለጐደለ ወታደሮች አንቫሊድ የተባለው ቤት በፓሪስ እንዲሠራ አዘዘ። በዚያም ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ጫማ የሚሰፉበት፣ ሥዕል ያለበት ምንጣፍ የሚሠሩበት፣ መጽሐፍም በቀለም የሚያስጌጡበት ክፍል ተሰናድቶላቸው ነበር። ጐራዴ የለመደ እጅ ወደ ብሩሽ መመለሱ ያስደንቃል! ነገር ግን ቤቱ በወታደር ሥርዐት የሚተዳደር ስለ ነበረ፣ ከዘመድና ከመንደር ኑሮ የተለየ ነበር።

ለጥሊሊ፣ ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ አጥር የሌለው ነው፤ ይኸውም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ በኋላም በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የወደቁትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ፈረስ ከጌታው ጋራ አብሮ የሚታሰብበት ማኅበር ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። መታሰቢያው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ይከበራል። በዚያን ቀን ሽበት ያለው ሰው ከጐልማሶቹ እኩል ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ማኅበርተኞቹ በሠርግና በልቅሶ ይረዳዳሉ፤ የተጣላም ያስታርቃሉ፤ ለዕርቅ ሥራ ደግሞ ዕድሜ የሚያስከብር እንጂ የሚያስወግድ አይደለም። ስለዚህ አባል የሆነ ሽማግሌ ሥራውም ባልንጀራውም እስከ ዕለተ ሞቱ አብረውት ይኖራሉ።

ዘመድና መንደር ያጣ ሰው ግን ይህን ማኅበር ከወዴት ያገኛል? በአዲስ አበባ በአቶ ቢንያም በለጠ የተቋቋመው መቄዶንያ የሚያነሣው እንዲህ ያለውን ጧሪ የሌለው አረጋዊና የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ሲሰበሰቡ፣ ጉርብትናቸው ከዐዲስ መጀመር አለበት። እኛ የቢሮ ሰዎች መዝገብ እንወዳለንና፣ በእንዲህ ያለ ቤት መዝገብ ላይ ከአረጋዊው ስምና ዕድሜ ቀጥሎ ሙያው ቢጻፍ እወድ ነበር፤ ሸማኔ፣ መሪጌታ፣ አስታራቂ ሽማግሌ ወይም ፈረሰኛ እንደ ነበረ።