የጉለሌዋ መርማሪ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ የጉለሌ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በዚያው ዕለት በ1928 ነበርና ልክ አምስት ዓመት ሞላው። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ሸለለ፣ እልል አለ። እልልታው ሲበርድ ግን ከየቤቱ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ ለመሆኑ ባንዳው ማን ነበር?

ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጣሊያን ደሞዝ የበላ ሁሉ ባንዳ አልነበረም። ቀን በጠላት ቢሮ ሲጽፍ ውሎ፣ ማታ የዘመቻውን ወሬ ለአርበኛ የሚያደርስ ነበር፤ የውስጥ አርበኛ የተባለው እሱ ነው። ባንዳውም እሱም ለአንድ አለቃ እጅ ነስተዋል። በምን ይለያሉ? ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ከነጻነት በኋላም ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ አርበኛው ምን ያህል እንደተቃጠለ አስቡት።

የዚያን ዘመን ምስጢር በልብ ወለድ ሊጽፍ የሚነሳ ካለ፣ መርማሪዋን ከሩቅ አገር አይዋስ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አሉን! ለአርበኞች መረጃና ጥይት ሲያቀብሉ ጠላት ደረሰባቸው። በኤሌክትሪክ አሰቃያቸው፤ ባሕር አሻግሮ አዚናራ ደሴት አጋዛቸው። ሲመለሱ አርፈው አልተቀመጡም። ከሆለታ አለፍ ብሎ አዲስ ዓለም የነበረው የጣሊያን ምሽግ ሲጠቃ እጃቸው ነበረበት። ማን እንደሚዋሽ፣ ማን ፈርቶ ዝም እንዳለ ሳይለዩ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። መርማሪነት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

እኔ ብጽፈው የፈጠራዋን ሴት እንጨት ተሸካሚ አደርጋታለሁ፤ ባሕር ዛፍ አዝላ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል የምትወርድ። ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ የኬላው ዘበኛ ፊቷን አይቶት አያውቅም። እሷ ግን ሰውን ሁሉ በእግሩ ታውቀዋለች። ከእስሩ መሐል፣ በቅርፊት የተጠቀለለ ወረቀት አለ።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን አንድ አስተርጓሚ ጉለሌ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ሰፈሩ «ባንዳ ነበር፣ የእጁን አገኘ» ይላል፤ ቀባሪ እንኳ ይጠፋል። ያንን ወረቀት ይጽፍ የነበረው ሟቹ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱም ከተቃጠለ ቆይቷል። ቃሏን ይዛ ቤት ለቤት ትጠይቃለች፤ ሟች የእውነተኛውን ባንዳ ስም ያውቅ እንደነበር የምትደርስበትም እንዲህ ነው።

ለምስክርነት ትጠራለች። ዳኛው ከጓዳ ወጥቶ ወደ ወንበሩ ሲያልፍ፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታለች። ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል። ያንን አረማመድ ኬላው ላይ ስንት ጊዜ አይታዋለች!

«የምታውቂውን ተናገሪ» ይላታል።

ቀና ብላ ፊቱን ታየዋለች። «ጌታዬ፣ ከኬላው ልጀምር?»