በሳዮ የተገናኙ ሁለት ቤተሰቦች

የቤተሰብ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከመምጣት ይጀምራል። አያት ከየት መጣ፣ በየት በኩል አለፈ፣ በማን ዘመን ደረሰ የሚለው ጥያቄ ከአባት ስም ቀጥሎ የሚነሣ ነው። ባሕር ተሻግረው በሰው አገር የሰፈሩ ሰዎችም ትውልዳቸውን መቍጠር የሚጀምሩት ካመጣቻቸው መርከብ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአውስትራሊያ የነበረው የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት ነው። ይህ ቅኝ ግዛት በ1788 ሲቋቋም ከብሪታንያ የሚጋዙ እስረኞች ማጎሪያ ነበር። በ1802 ግን ኮሮማንደል የተባለችው መርከብ እስረኞች ያልሆኑ፣ በፈቃዳቸው የተሰደዱ ቤተሰቦችን አመጣች። ከእነዚህም መካከል ፕሬስቢቴሪያኖች፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች ጉባኤ ትተዳደር የሚለውን የስኮትላንድ ሥርዓት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በሆክስበሪ ወንዝ ዳር ሰፍረው በ1809 አቤኔዘር የተባለውን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ሠሩ፤ ሕንፃውም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሆነ። ይሁን እንጂ መሬቱ ባዶ አልነበረም። የዳሩግ ሕዝብ ከእነርሱ በፊት ይኖርበት ነበር። ከመርከቧ መዝገብ የሚጀምር ታሪክ ግን ይህን ሕዝብ አያውቀውም።

ወደ ወለጋ ሲመለሱ ሁኔታው በእጅጉ የተለየ ነው። ሳዮ የማንም ቅኝ ግዛት አልነበረም። ሆኖም ፕሬስቢቴሪያን ቤተሰብ በውሃ መንገድ መጥቶበታል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በሱዳን በሚሲዮን ሥራ ላይ ሳለ፣ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ካጠፋ በኋላ፣ የሳዮው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም እንዲመጣላቸው ፈለጉ። በ1919 ዶክተር ላምቢ ከቤተሰባቸው ጋር በሶባትና በባሮ ወንዝ አድርገው ጋምቤላ ገቡ፤ ከዚያም በበቅሎ ወደ ደጋው ወጥተው ደምቢ ዶሎ ደረሱ። መንገዱ አዲስ አልነበረም፤ የወለጋ ቡና በዚያው በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር።

እንግዲህ ነፃ ሰፋሪ ማለት በፈቃዱ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን በፈቃዱ የሚሄድም ነው። ዶክተር ላምቢ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳዮን ለቀው በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል አቋቋሙ። በ1934 የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀበሉ። በኋላ ግን ከኢትዮጵያ ወጥተው በ1939 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪካቸውን «አገር የሌለው ሐኪም» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ሰየሙት። ቤተሰባቸው በሳዮ ሥር አልሰደደም።

ሥር የሰደደው የሌላ ሰው ቤት ነው። ጊዳዳ ሶላን የሳዮ ልጅ ናቸው። በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥፍቶባቸው በልመና ይኖሩ ነበር። ሚሲዮኑ በደምቢ ዶሎ ሥራ ሲጀምር ከእንግዶቹ ጋር ተዋወቁ፤ የሚነበበውን እየሰሙ በቃላቸው ያዙ፤ በኋላም ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ከ1936 በኋላ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን እንዲወጡ ሲደረግ፣ ማኅበረ ምእመናኑን የመጠበቁ ኃላፊነት እንደ ቄስ ጊዳዳና ቄስ ማሞ ጮርቃ ባሉ የአገሩ ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። በእንግዶች ብቻ የቆመ ሥራ ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ በፈረሰ ነበር። ነገር ግን ከወረራው በኋላም ቀጥሎ፣ ቤቴል የተባለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ቄስ ጊዳዳ የሕይወት ታሪካቸውን በቃል ተናግረው በ1972 በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ ታተመላቸው፤ በ1977ም ዐረፉ።

በ1943 በደምቢ ዶሎ የተወለዱት ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደግሞ የታሪክ ተማሪ ሆኑ። ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ፣ በ2005 ምርጫም ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት እንደገቡ፣ በ2019ም እንዳረፉ ብዙዎች ያውቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት የሠሩት ሥራ ግን የሚታወሰው በጥቂቶች ዘንድ ነው። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በ1984 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ከ1730 ገደማ እስከ 1886 ያለውን የሳዮ ኦሮሞ ታሪክ የሚመረምር ነው። የዘመኑ ወሰን ራሱ ትምህርት አለው። ጽሑፉ ዶክተር ላምቢ ከመድረሳቸው 33 ዓመት አስቀድሞ ያበቃል። የሚሲዮን ትምህርት ያነጸው ቤት ልጅ የአገሩን ታሪክ ከሚሲዮኑ መምጣት አልጀመረም። ሳዮዎችም በዘመናቸው ሰፋሪዎች እንደነበሩ ተገንዝቦ፣ ሽማግሌዎች በቃል ያቈዩትን የትውልድ ቍጥር ለታሪክ ምስክርነት አበቃው።

እነሆ አንዲት ከተማ ሦስት ዓይነት ምስክር አላት። ሐኪሙ በእጃቸው ጻፉ፤ ዓይነ ስውሩ ቄስ ተናግረው አስጻፉ፤ ልጃቸው የቀደሙትን ቃል ሰበሰቡ። አንዱ ብቻ ቢቀር ታሪኩ ይጎድላል። የጽሑፍ መዝገብ የመጣውንና የሄደውን ሰው ስም በቀላሉ ይይዛል፤ በስፍራው ጸንቶ የኖረውን ግን ጠያቂ ካላገኘ ይረሳዋል። ስለዚህ የሰነድ ጠባቂም ሆነ የታሪክ መምህር በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ የቤተሰብ ታሪክ ሲመዘግብ፣ «መቼ መጡ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ሲመጡ ማንን አገኙ? ሲሄዱስ ማን ያዘው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለኋለኞቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ሽማግሌዎች ናቸውና፣ ጥያቄው እነርሱ በሕይወት ሳሉ ሊቀርብ ይገባል።