በእኩዮች የሚመራ ትምህርት፤ ኤች አይ ቪንና አደንዛዥ ዕፅን በመከላከል ረገድ የነበረው ታሪካዊ ጉዞ

መግቢያ

ወጣት ከመምህሩና ከወላጁ ይልቅ ከእኩያው ብዙ እንደሚማር፣ መምህራን ሁሉ በየዕለቱ ሥራቸው የሚያስተውሉት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ሲጋራ፣ የመጀመሪያው የጫት ቀንበጥ፣ የመጀመሪያው የመጠጥ ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ከጓደኛ እጅ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ከሆነ መከላከያውም በዚሁ መንገድ ሊመጣ ይገባል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲታይ እውነት ይመስላል። ሆኖም ታሪኩ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ ዘዴው በአንዳንድ ቦታ ከፍተኛ ውጤት ማስገኘቱን፣ በሌላ ቦታ ከንቱ መቅረቱን፣ አልፎ አልፎም ጉዳት ማድረሱን ያሳያል። ይህ ልዩነት ከምን እንደመጣ መረዳት፣ ክበባትን ለሚያደራጁ መምህራንም ሆነ በጀት ለሚመድቡ ዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴው መሠረት

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ አዲስ ገቢውን ያስቆጥራል፤ ከፍ ያለውም ደቀ መዝሙር በመምህሩ ሥር ሆኖ ጀማሪዎችን ያስጠናል። በእንግሊዝ ደግሞ ይኸው አሠራር በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ እንደ አዲስ ሥርዓት ታወጀ። አንድሩ ቤል በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ፣ ጆሴፍ ላንካስተርም ከ1798 ጀምሮ በለንደን፣ አንድ መምህር በትልልቅ ተማሪዎች አማካይነት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን የሚያስተምርበትን ዘዴ ዘረጉ። ዘዴው ወጪ ቆጣቢ በመሆኑ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ቃል በቃል መድገም ብቻ ሆኖ ስለቀረ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በሠለጠኑ መምህራን ተተካ። ርካሽነት ዋና ምክንያት ሲሆን ጥራት እንደሚጎድል የሚያሳየው ይህ ምሳሌ፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተደግሟል።

ከሲጋራ የተጀመረው ሙከራ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይሠራበት የነበረው ዘዴ የማስፈራራት ዘዴ ነበር። ተማሪው የሲጋራን ጉዳት በሚገባ እያወቀ ማጨሱን ቀጠለ። በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ኤቫንስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባካሄዱት ጥናት፣ ችግሩ ያለው በዕውቀት ማነስ ላይ ሳይሆን የጓደኛን ግፊት ለመቋቋም ባለመቻል ላይ መሆኑን አመለከቱ። ይህን መነሻ በማድረግ አልፍሬድ ማካሊስተርና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እምቢ ማለትን በትወና እንዲያለማምዱ አደረጉ። በ1980 የታተመው ውጤት፣ በዚህ መንገድ በተማሩት ልጆች ዘንድ ሲጋራ ማጨስ ብቻ ሳይሆን አልኮልና ማሪዋና መውሰድም ካልተማሩት ያነሰ መሆኑን ገለጸ።

በ1983 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ከተማ ዴር የተባለው ፕሮግራም ተቋቋመ። በዚህ ፕሮግራም አስተማሪው የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ነበር። ፕሮግራሙ በአሜሪካ አብዛኞቹ የትምህርት ወረዳዎች ቢስፋፋም፣ በ1990ዎቹ የተካሄዱ ጥናቶች አደንዛዥ ዕፅን በመቀነስ ረገድ ያስገኘው ውጤት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ መልእክቱ ትክክል መሆኑ ብቻ በቂ እንዳልሆነና የሚናገረው ሰው ማንነት ወሳኝ መሆኑ ነው።

ኤድስ ከታወቀ በኋላ

ኤድስ በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1981 ነው። በሽታው የመንግሥት ሠራተኛ በቀላሉ በማይደርስባቸው ሰዎች ዘንድ ስለተዛመተ፣ የእኩዮች ሚና ከፍ አለ። በአምስተርዳም ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። በ1984፣ አንድ መድኃኒት ቤት ለነርሱ መርፌ መሸጥ ባቆመ ጊዜ፣ የጉበት በሽታ መዛመትን የፈሩት የማኅበሩ አባላት ንጹሕ መርፌ ከከተማው ጤና አገልግሎት እየተቀበሉ ያገለገለውን መለወጥ ጀመሩ። ሥራው ከኤች አይ ቪም የሚከላከል ሆኖ በሌሎች አገሮች ተወሰደ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ሐሳቡን ያመነጩት ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ ችግሩ የደረሰባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

በአሜሪካ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ጄፍሪ ኬሊና ባልደረቦቻቸው፣ ከወንዶች ጋር ግብረ ሥጋ የሚፈጽሙ ወንዶች በሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች ውስጥ በጓደኞቻቸው ዘንድ ተሰሚነት ያላቸውን ሰዎች መርጠው አሠለጠኑ። የተመረጡት ሰዎች ንግግር አላደረጉም፤ በተራ ጨዋታ መካከል ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ብቻ ያነሡ ነበር። በ1991 እንደተገለጸው፣ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት የሚፈጽሙት ሰዎች ቁጥር በአንድ አራተኛ ገደማ ቀነሰ።

በአፍሪካ ዘዴው ወደ ትምህርት ቤት ገባ። በዛምቢያ በ1980ዎቹ መጨረሻ የፀረ ኤድስ ክበባት ተመሠረቱ። በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደም ምርመራ የተገኘው በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በ1998 ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ፤ በ2002 የኤች አይ ቪ ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት በዐዋጅ ተቋቋመ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተስፋፉ፤ በድራማ፣ በግጥም፣ በጥያቄና መልስ ውድድርና በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ወጣቱን ያስተምሩ ነበር። ጫት፣ መጠጥና ሺሻ ራስን ከመቆጣጠር እንደሚያዘናጉ ስለታወቀ፣ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ክበብ ሥር የሚነሡበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ዘዴው የተመዘነበት ዘመን

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዘዴው በጥብቅ ምርምር መመዘን ጀመረ። በታንዛኒያ በምዋንዛ አካባቢ በ20 ማኅበረሰቦች ላይ በተካሄደው ሙከራ፣ መምህራንና ከየክፍሉ የተመረጡ ተማሪዎች በጋራ አስተማሩ። ውጤቱ በ2007 ሲታተም የልጆቹ ዕውቀት በግልጽ መሻሻሉ ታየ፤ በቫይረሱ መያዝ ግን የሚያስተማምን ቅናሽ አላሳየም። የሚሲሲፒውም ዘዴ በቻይና፣ በሕንድ፣ በፔሩ፣ በሩሲያና በዚምባብዌ ተሞክሮ በ2010 በወጣው ውጤት፣ ዘዴው በተሠራባቸውና ባልተሠራባቸው ማኅበረሰቦች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

የዚህን ምክንያት በከፊል የሚያስረዳው፣ ካትሪን ካምቤልና ካትሪን ማክፌይል በደቡብ አፍሪካ አንድ የማዕድን ከተማ ትምህርት ቤት ያካሄዱትና በ2002 የታተመው ጥናት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የእኩዮች አስተማሪዎች ውይይት ከማካሄድ ይልቅ እንደ መምህር መናገርን መረጡ። ወንዶቹ ሴቶቹን በመጫን መድረኩን ያዙ፤ መምህራኑም ፕሮግራሙን በቁጥጥራቸው ሥር አደረጉ። ስለሆነም በስም የእኩዮች የተባለው ትምህርት በተግባር የተለመደው የክፍል ትምህርት ሆኖ ቀረ። ላንካስተር የደረሰበት ችግር እዚህም ተደገመ ማለት ይቻላል።

በጎ ውጤት የታየባቸውም ሥራዎች አሉ። በታዳጊ አገሮች የተካሄዱ 30 ጥናቶች በ2009 በአንድነት ሲመረመሩ፣ የእኩዮች ትምህርት ዕውቀትንና በኮንዶም መጠቀምን እንደሚጨምር፣ መርፌ መዋዋስን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል፤ በአባለዘር በሽታዎች ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። በእንግሊዝና በዌልስ በ59 ትምህርት ቤቶች፣ ከ10,000 በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ የተደረገው የሲጋራ መከላከያ ሙከራ ደግሞ በተለይ ሊጠና የሚገባው ነው። በዚህ ሙከራ አስተማሪዎቹን የመረጡት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ከተመረጡት መካከል ጨዋና ጎበዝ ተብለው በመምህራን ዘንድ የማይታወቁም ይገኙ ነበር። ከሥልጠና በኋላ ለ10 ሳምንታት ከጓደኞቻቸው ጋር በመንገድና በምሳ ሰዓት ተጨዋወቱ። በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት ማጨስ ቀንሷል።

በሌላ በኩል በካሊፎርኒያ በ2007 የታተመ ጥናት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በአማራጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደው የእኩዮች ትምህርት በአጠቃላይ ዕፅ መውሰድን ቢቀንስም፣ ጓደኞቻቸው ዕፅ ወሳጆች በሆኑት ተማሪዎች ዘንድ ግን ጨመረ። ችግር ያለባቸውን ወጣቶች አንድ ላይ ሰብስቦ ያለ ረዳት መተው፣ መጥፎው ልማድ እንዲጠናከር ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ታሪኩ የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በአንድነት ሲታይ ጥቂት ነጥቦችን ያስገነዝባል።

አንደኛ፣ አስተማሪ የሚሆነውን እኩያ መምረጥ ያለባቸው እኩዮቹ ናቸው። መምህሩ የሚመርጠው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩን የሚመስል ነውና።

ሁለተኛ፣ የዘዴው ኃይል ያለው በጨዋታና በውይይት ላይ እንጂ በሰልፍ ላይ በሚሰማ ንግግር ላይ አይደለም። ለበዓል ቀን የሚዘጋጅ ድራማ ብቻውን የክበቡ ሥራ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ሦስተኛ፣ ምክሩ በአገልግሎት መደገፍ አለበት። በአምስተርዳም ንጹሕ መርፌ ባይኖር ኖሮ ቃሉ ከንቱ በቀረ ነበር። እንዲሁም የደም ምርመራ፣ ኮንዶምና የሱስ ሕክምና በማይገኝበት ቦታ ወጣቱን ምከር ብሎ ማሰማራት የማይቻለውን መጠየቅ ይሆናል። ሕግም የራሱ ድርሻ አለው፤ በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው ዐዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥና ትምባሆ መሸጥን መከልከሉ የዚህ ምሳሌ ነው።

አራተኛ፣ የሴት ተማሪዎች ድምፅ በግልጽ እንዲጠበቅ ካልተደረገ፣ ክበቡ ከውጭ ያለውን አድልዎ ይደግማል።

በመጨረሻም፣ የእኩዮች ትምህርት የመምህር ምትክ ወይም የበጀት መቆጠቢያ አይደለም። ስንት ወጣት ሠለጠነ የሚለው ቁጥር በዘገባ ላይ ቢያምርም፣ ስንቱ ከሥልጠናው በኋላ ከጓደኛው ጋር ተነጋገረ፣ ስንቱስ በስድስተኛው ወር አሁንም በሥራው ላይ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ ዕቅድ አውጪው የሚመዝነው ወጪውን እንጂ ውጤቱን አይሆንም። የመምህሩ ድርሻ መድረኩን ለወጣቶች ለቅቆ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሲያስፈልግም ወደ ጤና ባለሙያ የሚያደርስ ረዳት መሆን ነው። ይህም ራሱ ሥልጠናና ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ በመምህሩ የሥራ ድልድል ውስጥ ተቆጥሮ ሊመደብለት ይገባል።