አንዱ ቢዋሽስ? ማሽኖች ስህተትን መቻል የተማሩበት ታሪክ

አርቦሬ ከወይጦ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጨው ባሕር በስተሰሜን ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ ናት። ያደግኩት እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ግራ ይገባኝ ነበር። አጎቴ ብዙ ከብት እንዳለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በረቱ ውስጥ ግን ያን ያህል ከብት አይታይም። የቀሩት የት እንዳሉ ስጠይቀው ጥቂቶቹ ራቅ ብሎ ከሚኖር ወንድሙ ጋር፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ሐመር ካለ ወዳጁ ዘንድ እንደሆኑ ነገረኝ። እዚህ ሣር ሲጠፋ እዚያ ሊኖር ይችላል፤ በሽታ እዚህ ቢገባ እዚያ ላይደርስ ይችላል።

"ታዲያ እዚሁ ሁለት በረት ሠርተህ ለምን አትከፍላቸውም?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "በረቱ ሁለት ይሆናል፤ ድርቁ ግን አንድ ነው።"

ቆይቼ ምህንድስና ተማርኩ። አሁን በድኅረ ምረቃ የምመራመረው ሶፍትዌር ሲበላሽ ምን እንደሚሆን፣ ከመበላሸቱ በፊትስ እንዴት እንደሚፈተን ነው። የሙያውን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የአጎቴ መልስ ትዝ ይለኛል። ብዙ መሐንዲሶች ያቺን መልስ የተማሩት በጣም ውድ ዋጋ ከፍለው ነው። ከዋጋው ትልቅ ድርሻ የከፈልነው ደግሞ እዚሁ፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ሦስት ቃላት እንለይ። ጉድለት ማለት የተበላሸ ዕቃ ወይም ፕሮግራመሩ አሳስቶ የጻፈው መስመር ነው። ስህተት ማለት ጉድለቱ ሲነቃ ሲስተሙ ውስጥ የሚፈጠረው የተሳሳተ መረጃ ነው። ውድቀት ማለት ያ የተሳሳተ መረጃ ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው ወይም ንብረት ሲጎዳ ነው። ጉድለት የሌለበት ማሽን የለም። የመሐንዲሱ ሥራ ከጉድለት ወደ ውድቀት የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ነው።

ከማይታመኑ ዕቃዎች የሚታመን ማሽን

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በየጊዜው ይበላሹ ነበር። አምፖል የሚመስሉት የቫኪዩም ቱቦዎች ይቃጠላሉ፤ ሪሌዎች ይጣበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን በካሊፎርኒያ በሰጣቸው ትምህርቶች አንድ ደፋር ጥያቄ አነሣ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ፣ ከእነዚህ ዕቃዎች የማይሳሳት ማሽን መሥራት ይቻላል ወይ? መልሱ፣ ይቻላል ነበር። አንዱን ስሌት ብዙ ቦታ አሠራውና የብዙኃኑን ድምፅ ተከተል።

ፕራግ ውስጥ አንቶኒን ስቮቦዳ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በተግባር አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረው ሳፖ የተባለ ኮምፒውተራቸው ሦስት የስሌት ክፍሎች ነበሩት። ሦስቱም ያንኑ ሒሳብ ይሠራሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ቢለይ በድምፅ ብልጫ ይሸነፋል።

ለምን ሦስት? ሁለት ሰዓቶች የተለያየ ጊዜ ቢያሳዩህ አንዱ እንደተሳሳተ ታውቃለህ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። ሦስተኛ ሲጨመር ውሸታሙ ይለያል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሁለት መሆን ውሸታሙን ባይለይም ውሸት እንዳለ ግን ይናገራል።

"ይህ ፈጽሞ አይሆንም"

ጉድለት ከዕቃ ብቻ አይመጣም። በ1960ዎቹ ማርጋሬት ሃሚልተን ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ሶፍትዌር በሚሠራው የኤምአይቲ ቡድን ውስጥ ነበረች። ትንሿን ልጇን ሎረንን ወደ ሥራ ቦታ ትወስዳት ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ የጠፈር ተመራማሪ ነኝ ብላ ስትጫወት፣ የማስመሰያው ማሽን በረራ ላይ ሳለ ከመነሣት በፊት ብቻ የሚያገለግለውን ፕሮግራም በቁልፍ አስጀመረችው። ሲስተሙ ተመሰቃቀለ።

ሃሚልተን ይህን የሚከለክል መስመር ልጨምር ብትል፣ የሠለጠነ የጠፈር ተመራማሪ እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም ተባለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በአፖሎ 8 ጉዞ ላይ ጂም ሎቬል ያንኑ ፕሮግራም በስህተት አስጀመረው፤ የጉዞው መረጃም ከኮምፒውተሩ ተደመሰሰ። መረጃውን እንደገና ማስተካከል አስፈለገ። ያን ስህተት ቀድማ ያገኘችው ሕፃን ነበረች፤ ምክንያቱም ለእሷ "ይህ አይነካም" የሚባል ቁልፍ አልነበረም።

ሁለት በረት፣ አንድ ድርቅ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። ሰው አልነበረበትም። 40 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ከመንገዱ ወጥቶ ተበተነ።

ሮኬቱ አቅጣጫውን የሚያውቅበት ኮምፒውተር ከነመጠባበቂያው ሁለት ነበር። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነው። ችግሩ ግን በሁለቱም ላይ የተጫነው ከአሪያን 4 የተወሰደ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር መሆኑ ነበር። የአሪያን 5 የጎንዮሽ ፍጥነት ከቀድሞው በጣም ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ያንን ትልቅ ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል ቦታ ሊከተው ሞከረ፤ አልገባም። መጀመሪያ መጠባበቂያው ኮምፒውተር ቆመ። ሰከንድ ሳይሞላ ዋናውም በዚያው ምክንያት ቆመ። በረቱ ሁለት ነበር፤ ድርቁ አንድ።

እዚህ ላይ የመጠባበቂያ ትርጉም ተቀየረ። ሁለት ዕቃ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ "እነዚህ ሁለቱ በአንድ ምክንያት ሊወድቁ ይችላሉ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ያ ሶፍትዌር በአሪያን 5 ትክክለኛ የበረራ ቁጥሮች ቀድሞ ቢፈተን ኖሮ ጉድለቱ መሬት ላይ ይገኝ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ማክስ ከቀደሙት 737ዎች የሚበልጡ ሞተሮች ስለተገጠሙለት በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና ይላል። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ። ኤምካስ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት ነፋስ ጋር የሚሠራው አንግል በዝቷል ብሎ ሲያምን አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች ይጫናል። አንግሉን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች በአፍንጫው ግራና ቀኝ ተተክለዋል። ኤምካስ በአንድ በረራ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነበር።

የበረራው መረጃ መቅጃ ምን እንደሆነ ያሳያል። አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ ከ15 ዲግሪ ብዙም አላለፈም። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በ74 ዲግሪ አንግል አይበርም። ሁለቱ ሴንሰሮች ደግሞ በግልጽ ተጣልተዋል። ኤምካስ ግን የቀኙን አልጠየቀም፤ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ተጫነ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ እስከ መጨረሻው ታገሉት።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከ5 ወር ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ በተመሳሳይ መንገድ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

ከአደጋው በኋላ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ብዙ ነበሩ። መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ እንደፈጸሙ ገለጸ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚም በዚያው ቀን በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስን ያስነሣው የተሳሳተ የአንግል መረጃ እንደሆነ አመነ።

የግራው ሴንሰር ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ስምምነት የለም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የኤሌክትሪክ ችግር ይላሉ፤ አሜሪካኖቹ ወፍ መትቶት ነው ይላሉ። ለእኛ ጥያቄ ግን ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ከአውሮፕላን ውጭ የተተከለ ሴንሰር በወፍም፣ በሽቦም፣ በበረዶም ሊበላሽ ይችላል። ጥያቄው አንድ ሴንሰር ሲዋሽ አውሮፕላኑ ለምን አብሮ ይወድቃል ነው።

ነገሩን ለአጎቴ ስተርክለት ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ሁለት ዓይን ሰጥተውት በአንዱ ብቻ እይ ያለው ማን ነው?"

ሆን ብሎ ማበላሸት

ታዲያ አልተፈተነም ነበር? ተፈትኗል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ቦይንግ በማስመሰያ ማሽን ላይ ኤምካስ ያለ ምክንያት ቢነሣ አብራሪዎች ምን እንደሚያደርጉ አይቷል። ያልፈተነው ግን ለመነሣቱ ምክንያት የሚሆነውን የሴንሰር ብልሽት ነው። እውነተኛ ብልሽት ብቻውን አይመጣም። በበረራ 302 ላይ የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች በግራና በቀኝ ይለያዩ ነበር፤ ማስጠንቀቂያዎች ተደራርበው ነበር። ምልክቱን ለብቻው መፈተን በሽታውን መፈተን አይደለም።

የዛሬ መሐንዲሶች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ጉድለትን ሆን ብሎ መጨመር ነው። ሴንሰሩ እንዲዋሽ ታደርገዋለህ፤ ገመዱን ትነቅላለህ፤ ባዶ መረጃ ትልካለህ፤ ከዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ኔትፍሊክስ ለዓለም ያስተዋወቀው አንድ ፕሮግራም አለ፤ ስሙ ኬኦስ መንኪ፣ ማለትም የረብሻ ዝንጀሮ ነው። ሥራው በሥራ ሰዓት የኩባንያውን ሰርቨሮች በዘፈቀደ ማጥፋት ነው። መሐንዲሶቹ ነገ አንድ ሰርቨር እንደሚጠፋ እርግጠኛ ስለሆኑ፣ ሲጠፋ ፊልሙ የማይቋረጥበትን ሲስተም ዛሬ ለመሥራት ይገደዳሉ።

ሲወድቅ ወዴት ይውደቅ?

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሲስተሙ እውነቱን መለየት ካቃተው ምን ያድርግ? መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ወደ በረራ እንዲመለስ የተፈቀደለት ማክስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ5.5 ዲግሪ ካለፈ ኤምካስ ዝም ይላል። የሚነሣውም አንዴ ብቻ ነው፤ የአብራሪውን ጉልበት ማሸነፍም አይችልም። አስታውሱ፣ ሁለት መሆን ውሸታሙን አይለይም፤ ዝም ለማለት ግን ይበቃል። ሲጠራጠር መሪውን ለሰው ይለቃል።

ባንክ ግን ሌላ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ብዙ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በስልክ ተዛመተ፤ በኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ብሔራዊ ባንክም በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው አለ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ፤ ያለ አግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነም ገለጸ። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል።

የባንክ ሶፍትዌር ሊያፈርሰው የማይገባ አንድ ሕግ አለ፦ ከሂሳቡ በላይ አትክፈል። ይህን ሕግ ማረጋገጥ ባልቻለባት ቅጽበት መክፈሉን ማቆም አለበት። ደንበኛው ለአንድ ሰዓት ይናደዳል፤ ግን ይህ ይሻላል። አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ "ቆሜያለሁ" ሊል አይችልም። ስለዚህ የሚወድቅበት አቅጣጫ ገና ሲነደፍ መወሰን አለበት፤ ያ ውሳኔም እንደማንኛውም ሥራ መፈተን አለበት።

እናንተም ሞክሩት

ጂንካም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ካላችሁ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሰው ዕድሜ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያ እንደ ትንሿ ሎረን ረብሹት። የተወለደበትን ወር 13 በሉት። ቀኑን ጳጉሜን 6 በሉት፤ እሱ የሚመጣው በየ4 ዓመቱ ነው፤ 2011 እና 2015 ላይ ነበር፣ 2014 ላይ አልነበረም። ቀኑን ባዶ ተዉት። የልደቱን ዓመት ነገ አድርጉት።

ፕሮግራሙ የተሳሳተ ዕድሜ በልበ ሙሉነት ከነገራችሁ፣ እሱ "አላውቅም" ብሎ ከቆመው የባሰ ነው። የግራው ሴንሰርም 74.5 ያለው በልበ ሙሉነት ነበር። መጠየቅ የነበረበት ጎረቤቱ በቀኝ በኩል፣ ጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ነበር።