ማር፣ ጣዝማ እና የማይሽር ቁስል፦ ለስኳር ሕመምተኛ እግር የሚቀቡ የተፈጥሮ መድኃኒቶች ማስረጃ ሲመረመር

ስኳር ያለበት ሰው ውስጥ እግሩ ቆስሎ አልሽር ሲለው ቤተሰብና ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይደረግበት?» ብሎ ነው። መልሱም ከጓዳ አይጠፋም፦ ማር፣ ሬት፣ ቅቤ፣ የተወቀጠ ቅጠል። ይህን ልማድ አጣጥሎ ማለፍ ታካሚውን አይጠቅመውም፤ ሳይመረምሩ ማጽደቅም እንዲሁ። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ቁስሉ ላይ የሚቀባው ነገር ቁስሉን ከሚያሽሩት ነገሮች ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው የሚል ነው። ይሁንና የአገራችን የጣዝማ ማር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰው ላይ በሥርዓት የሚፈተንበት ጊዜ እንደ ዘገየም አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ሊገጥማቸው እንደሚችል ይገምታል። ቁስሉ የሚጀምረው ከቆዳው በፊት ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቮች ይጎዳል፤ ሰውየው ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ወይም የወጋውን ሚስማር አይሰማውም። የትንንሾቹ ጡንቻዎች ነርቭ ሲደክም የእግር ቅርጽ ይለወጥና የሰውነት ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ ቆዳው ይደድራል፤ ከድድሩ ሥር ሥጋው እየደማ ይፈርሳል። ላብ እንዲመነጭ የሚያደርጉት ነርቮችም ስለሚሞቱ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። በብዙ ታካሚዎች ደግሞ ከጉልበት በታች ያሉ ደም ቅዳ ሥሮች ጠበዋል።

ጤናማ ቁስል ይቆጣል፣ ቁጣው ይበርዳል፣ ከዚያ አዲስ ሥጋ ይሞላል። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ግን በቁጣው ደረጃ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ከማጥቃት ወደ መጠገን መዞር ያቅታቸዋል፤ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች በዝተው አዲሱን ሥጋ ገና ሳይጠና ያፈርሱታል። ባክቴሪያዎችም ባዮፊልም የሚባል ልባስ ሠርተው ከመድኃኒት ይሸሸጋሉ። እንግዲህ አንድ ቅባት ባክቴሪያ መግደሉ ብቻ ከዚህ ሁሉ ችግር አንዱን ቢነካ ነው።

ወደ ማሩ ስንመጣ፣ ታሪኩ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፅ ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ቁስል በማርና በስብ እንዲታከም ያዛል። ሳይንሱም ተራ አይደለም። ማር 80 በመቶ ያህል ስኳር ስለሆነ ውኃን ከባክቴሪያውም ከቁስሉም ይስባል፤ አሲድነቱ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዛል። ንቧ የምትጨምርበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ማሩ በቁስል ፈሳሽ ሲቀጥን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን ቀስ በቀስ ያመነጫል። የኒውዚላንዱ ማኑካ ማር በሌላ መንገድ፣ ሜቲልግላዮክሳል በሚባል ውሕድ ይሠራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ሜዲሃኒ የተባለውን የማር ቁስል መሸፈኛ ለገበያ ፈቅዷል።

በሰው ላይ የታየው ውጤት ግን ከዚህ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችንና 3,011 ታካሚዎችን መርምሮ ነበር። ማር ጥልቀት የሌለውን የእሳት ቃጠሎ ከተለመዱት መሸፈኛዎች ፈጥኖ እንደሚያሽር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልንም እንደሚረዳ አረጋገጠ። ለስኳር ሕመምተኛ እግር ግን ማስረጃው ደካማና ፍርድ ለመስጠት የማያስችል ሆኖ አገኘው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመምተኛ እግር የሥራ ቡድን የ2023 መመሪያም ማርን፣ ሌሎች የንብ ውጤቶችንና የዕፅዋት መድኃኒቶችን ለዚህ ቁስል ማሻሪያነት እንዳይጠቀሙ ይመክራል። ይህ ውሳኔ ማር ጎጂ መሆኑ ተረጋግጦ የተወሰነ አይደለም፤ ጥቅሙን የሚያሳይ አስተማማኝ ጥናት በመጥፋቱ ነው። የሁለቱ ልዩነት ለተመራማሪ ትልቅ ነው።

ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ንብ ናት፤ ማሯ ከተራው የቀጠነና የኮመጠጠ ሲሆን ሕዝቡ ከምግብ ይልቅ እንደ መድኃኒት ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጎንደር የታተሙ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ይህ ማር አንቲባዮቲክ የተላመዱትን ጨምሮ በተለያዩ ባክቴሪያዎች ላይ ኃይል እንዳለው አሳይተዋል። ውጤቱ የሚያበረታታ ነው፤ ሆኖም የቤተ ሙከራ ሳህን ቁስል አይደለም። የቁስል ፈሳሽ ማሩን ያቀጥነዋል፤ ካታሌዝ የተባለው የሰውነት ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ይሰብረዋል፤ ባዮፊልሙም አለ። በአይጥ ላይ የሚሠሩት በርካታ የዕፅዋት ጥናቶች ሌላ ችግር አለባቸው። የአይጥ ቁስል በአብዛኛው የሚዘጋው ከቆዳው ሥር ባለ ጡንቻ ቆዳው ተጎትቶ ሲኮማተር ነው፤ የሰው ውስጥ እግር ግን አዲስ ሥጋ ሞልቶ፣ በላዩ ቆዳ ለብሶ መሻር አለበት። በመርፌ ስኳሯ እንዲጨምር የተደረገች አይጥም ለዓመታት የደነዘዘ እግርና የጠበበ ደም ሥር የላትም። «ቁስል አሻረ» የሚለው የብዙ መጣጥፎች መደምደሚያ ይህን ገደብ ቢያስታውስ መልካም ነበር።

ሬት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰው የቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ በተደረገ ሙከራ የሬት ጄል የተቀባላቸው ታካሚዎች ቁስል ለመሻር ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህም ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል የሚያስተማምን ማስረጃ አልቀረበም።

ፈተናውን ያለፈው ከስኳር የተሠራ ሌላ ነገር ነው። ኤክስፕሎረር በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት 240 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ነበር። ሱክሮስ ኦክታሰልፌት ያለው መሸፈኛ ከተደረገላቸው በ20 ሳምንት ውስጥ የ48 በመቶው ቁስል ሲዘጋ፣ ይህ ውሕድ የሌለው መሸፈኛ ከተደረገላቸው የተዘጋው የ30 በመቶው ነው። ውሕዱ አዲሱን ሥጋ የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ይገታል። ከመሠረታዊው እንክብካቤ ጋር ሲሆን እንዲህ ያለ ነገር ልዩነት ሊያመጣ እንደሚችል የማምነው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

መሠረታዊው እንክብካቤ ምን እንደሆነ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕክምና ቀድሞ አስተምሮናል። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር፣ የደነዘዘ እግር ቁስል የሚብሰው በሥጋ ደዌው መርዝ ሳይሆን ሰውየው ሕመም ሳይሰማው በቁስሉ ላይ ስለሚራመድ መሆኑን ተገነዘበ። ክብደትን የሚያከፋፍለውን የጄሶ ዘዴ በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ካርቪል ወሰደው፤ ከዚያም ለስኳር ሕመምተኞች ተረፈ። ዛሬም በፊተኛው ወይም በመካከለኛው ውስጥ እግር ላይ ለሚወጣ ቁስል መመሪያዎች የሚያስቀድሙት እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ታካሚው የማያወልቀው መደገፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ የደነዘዘ እግር ሲንከባከብ ያከማቸው ልምድ ለስኳር ሕመምተኞች ክሊኒኮች ቅርብ ሀብት ነው።

ለጊዜው የጓዳ ማር ክፍት ቁስል ላይ እንዳይደረግ እመክራለሁ። ከጀርም ነጻ አይደለም፤ ክሎስትሪዲየም የተባለ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ ከተሞቀ ኢንዛይሙ ይጠፋል፤ በስኳር የተበረዘም ብዙ ነው። የሕክምና ማር በጋማ ጨረር የሚጸዳው ለዚህ ነው። ደም ባጣ እግር ላይ ደርቆ የጠቆረ ሥጋ ካለ ደግሞ በማር ማራስ ለመበስበስና ለኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል። ባለሙያውም «ምን አደረጉበት?» ብሎ ያለ ቁጣ ይጠይቅ፤ የተወቀሰ ታካሚ ያደረገበትን ይደብቃል፣ ዘግይቶም ይመጣል። እግሩ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዕለቱን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የጣዝማ ማር ጥናት ቢታሰብ፣ ማሩ ኃይሉ ተለክቶና በጨረር ጸድቶ ይቅረብ። በዕጣ የሚከፈሉት ታካሚዎች ሁሉ ክብደት የሚያነሣ መደገፊያ፣ የሞተ ሥጋ ማስወገድ፣ የደም ዝውውር ምርመራና የስኳር ቁጥጥር እኩል ያግኙ። ቁስሉን የሚለካው ሰው ማን ማር እንደ ተቀባ አይወቅ። ክትትሉም ከ12 ሳምንት አይነስ፤ የሚቆጠረውም ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ቁስልና የተቆረጠው እግር ይሁን።