ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት፦ የእምነት ተቋማት እርዳታና የአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያቋረጠ ያልፋል። በዚህ መስመር ዐውሎ ነፋስ ተነስቶ የቤት ቆርቆሮ ሲገነጥል፣ በረዶ ማሳ ሲመታ፣ ቀድሞ የሚደርሰው የእርዳታ መኪና አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ልጆች ሰው ቤት ያድራሉ፣ እድር ድንኳኑን ያወጣል፣ ወጣቱ በደቦ ጣራ ይመልሳል። ዓርብ በመስጊድ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዋጮ ይሰበሰባል። ኦሮሞው ከብቱ ያለቀበትን ሰው መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው፤ የክልሉ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ተቋም አድርጎታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጉዳቱ የጥቂት ቤቶች ሲሆን ነው። ጎረቤትም አብሮ ሲመታ ማን ይደርሳል? የሃይማኖት ተቋማት የእርዳታ ድርጅቶች ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን ያቋቋመችው በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከትና ለአገልጋዮች ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ደብዳቤው ይህንን ሞገተ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም፣ የሚያስፈልገውንም ሰጪው ብቻውን አይወስንለትም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ክርክሩ በ1967 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እስከማስጠራት ደረሰ።

ደርግ ግን እኚህን ሰው አልታገሣቸውም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ። በ1974 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ተወረሰ።

ሦስት ዓመት አልሞላም፣ ያው መንግሥት እነዚያኑ አብያተ ክርስቲያናት ፈለጋቸው። የ1977ቱ ረሃብ መጣ። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ መካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ዓለም ፌደሬሽንና የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት አንድ ላይ ሆነው እህል ማጓጓዝ ጀመሩ፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በኋላ ተቀላቀለች። በሌላ በኩል፣ በ1973 ዓ.ም. ገደማ ካርቱም ላይ የተቋቋመው የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ዴስክ በሱዳን ድንበር በኩል አማፅያን ወደያዙት ትግራይና ኤርትራ እህል ያስገባ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ከወጣች በኋላ ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጭነት መኪኖች ከደሴ ተነስተው የጦር ግንባሩን አቋርጠው ትግራይ ገቡ። ሁለት የሚዋጉ ወገኖች አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ስንዴው ይለፍ።

ይህ ታሪክ ብርሃን ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ብዙው ያለ ፈቃዱ ነበር። ወለጋ አንዱ መዳረሻ ነበር። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ይህንን በአደባባይ በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። አብዛኞቹ የእርዳታ ድርጅቶች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሥራት መረጡ። የተናገረው የሚያክመውን ሕመምተኛ ጥሎ ወጣ፣ ዝም ያለው እህሉን አደረሰ። ዝም ያለው እህሉን ቢያደርስም፣ በግድ የተጫነው ገበሬ ጠበቃ አጣ። ለዚህ ቀላል ፍርድ የለም። ሆኖም እርዳታ የሚሰጥ ተቋም ሁሉ ይህንን ሚዛን ዛሬም ይሸከማል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካ እህል ለሌላ ዓላማ ውሏል ብላ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታዋን ለወራት አቋረጠች። በ2017 ዓ.ም. የእርዳታ ድርጅቷን ራሱን ዘጋችው። በካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት መሪነት እህል ያከፋፍል የነበረው ጥምረት የቆመው በዚያ ገንዘብ ነበር። ዋሽንግተን የተፈረመ አንድ ወረቀት እዚህ ገጠር ያለ መጋዘን ባዶ ያደርጋል ማለት ነው።

የጉዲና ደብዳቤ ከ50 ዓመት በላይ አልፎትም ያላረጀው ለዚህ ነው። ሰጪው የሚወስንበት እርዳታ ሰጪው ሲተው ይቆማል። እድሩ፣ ቡሳ ጎኖፋው፣ የሰንበቴው ማኅበርና ዘካው ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቁም። አቅማቸው ትንሽ ነው፤ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ የማን ልጅ እንደታመመ ግን ያለ ምዝገባ ያውቃሉ። የእምነት ተቋማት የልማት ክንፎች ትልቁን ገንዘብ ከማሳደድ ጎን ለጎን እነዚህን ቢያጠናክሩ፣ የቆርቆሮና የእህል ክምችት በየወረዳው በጋራ ቢይዙ፣ የተረጂውን ስም ዝርዝር የሰፈሩ ሰው እንዲያጣራው ቢያደርጉ፣ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ማግስት የሚፈለገው ሁሉ ቅርብ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ነፋስ ጣራ ሲያነሳ የመስቀልና የጨረቃ ምልክት አይለይም። መዋጮውን የሚያከፋፍለውም እጅ መለየት የለበትም። «የእኛ አማኝ» ተብሎ የሚታደል ቆርቆሮ አንዱን ቤት ከዝናብ ያድናል፣ ጉርብትናን ግን ያፈርሳል። ጉርብትና ከፈረሰ ደግሞ ቀጣዩ ነፋስ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርስ አይኖርም።